ሚስቴ መዳፏን መሬት ታስነካለች፣ እኔ ቅልጥሜ ላይ ቀርቻለሁ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፈው ከደሴ ነው። ዕድሜዬ 34 ነው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው። ባለቤቴ ከወለደች አምስት ወር ሆኗታል። ሁለታችንም ሰውነታችን ስለከበደን ከሱብሂ በኋላ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን ስፖርት ጀመርን። ችግሩ ማፍታታቱ ላይ ነው። እሷ ጉልበቷን ሳታጥፍ ጎንበስ ብላ መዳፏን ሙሉ በሙሉ መሬት ታስነካለች፤ እዚያው ሆና ወሬ ታወራኛለች። እኔ ቅልጥሜ መሃል ስደርስ ቋንጃዬ የሚበጠስ ይመስለኛል። 'እኔ ምጥ የቻልኩ፣ አንተ ይቺን አትችልም?' እያለች ትስቅብኛለች። ባለፈው ሳምንት እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩና ከኋላ ጀርባዬን እንድትገፋኝ ጠየቅኳት። አመመኝ፣ ግን ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ድንገት መቀመጫዬ ሥር የሆነ ነገር ውግት አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ያመኛል። እናቴ ወጌሻ ጋ ሂድ ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ ካላመመ ለውጥ የለም፣ ቀጥልበት ይላል። ሴቶች በተፈጥሯቸው ሕመም ስለሚችሉ ነው? ወይስ ሰነፉ እኔ ነኝ?»
ጅማተ ደረቁ፣ ከደሴ

አብሽር ወንድሜ። ሰነፍ አይደለህም፣ ጅማትህም አልደረቀም። ባለቤትህም ሕመም የማይሰማት የብረት ሴት አይደለችም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ በግልጽ ልንገርህ፦ ጀርባህን ያስገፋህ ቀን የተጎዳኸው ወንድ ስለሆንክ አይደለም፣ «በቃ» ማለት ሲገባህ ዝም ስላልክ ነው። ወደሱ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የጠየቅከኝን ልመልስ።

የጭንህ ኋላ ላይ ያሉት ጡንቻዎች፣ የኳስ ተንታኞቹ ሀምስትሪንግ የሚሏቸው፣ ከምትቀመጥበት አጥንት ተነስተው ቋንጃህን አልፈው ከጉልበትህ በታች ይያያዛሉ። ጉልበትህን ቀጥ አድርገህ ስታጎነብስ ከሁለቱም ጫፍ ይሳባሉ። እስከ አንድ ቦታ ድረስ ምንም አይሰማህም። ትንሽ ስትጨምር መወጠሩ ይሰማሃል። ከዚያ ይቆጠቁጥሃል፣ ከዚያ «አልችልም» ትላለህ። አብዛኛው ሰው ያ «አልችልም» ያለበት ቦታ ጡንቻው ያለቀበት ቦታ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ጡንቻው ገና ነው። ያስቆመህ ስሜቱ ነው።

ይህን በምን አወቁ ካልክ፣ ጥሩ ማሳያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ማግኑሰን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ዴንማርክ ውስጥ ሰዎች አንዱን እግራቸውን ብቻ ለሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ እንዲያፍታቱ አደረጉ፤ ሌላኛው እግር ለማነጻጸሪያ ተተወ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያፍታቱት እግር ከበፊቱ ርቆ መሄድ ቻለ። ሁሉም ሰው ጡንቻው ላላ፣ ረዘመ ብሎ ነበር የሚጠብቀው። ሲለኩት ግን፣ በበፊቱ ማዕዘን ላይ ጡንቻው የሚመልሰው ግፊት ያው የበፊቱ ነው። አልላላም። የተለወጠው ሰዎቹ መወጠሩን የመቻላቸው ነገር ነው። ያኔ «በቃ» ያሉበትን ቦታ አሁን አልፈውት ይሄዳሉ። ይህ ማለት የዛሬ ወር እጅህ ወደ ቁርጭምጭሚትህ ቢወርድ፣ ከሥጋህ ይልቅ የለመደው አእምሮህ ነው ማለት ነው። ሥጋው ጭራሽ አይለወጥም ማለቴ አይደለም፣ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ መጀመሪያ የሚመጣው ለውጥ የስሜቱ ነው።

አሁን ወደ ወንድና ሴት እንምጣ። በአማካይ ሴቶች ከወንዶች የበለጠ ይተጣጠፋሉ፤ ይህ በሐሜት ሳይሆን በልኬት የታወቀ ነው። ምክንያቱ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። አንዱ ምክንያት ሥጋው ራሱ ነው። የወንድ ጡንቻ በአማካይ ወፈር ይላል፣ ጅማቱም ጠንከር ይላል፣ ለምሳሌ የተረከዙ ጅማት። እሱን ለመሳብ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። ሁለተኛው ያ ያልኩህ ነገር ነው፣ መወጠሩን የመቻል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት የወንዶችና የሴቶችን የጭን ኋላ ጡንቻ አነጻጽሮ፣ ወንዶቹ ቶሎ የሚቆሙት በዋናነት መወጠሩን የመቻል አቅማቸው ስለሚያንስ ነው ብሎ ደመደመ። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ የሥጋውን ልዩነት ያጎላሉ። በእኔ ግምት ሁለቱም አሉበት፣ እንደ ጡንቻውና እንደ አለካኩ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ይላል። ላንተ የሚጠቅምህ ግን ይቺ ናት፦ የእሷ «በቃ» እና ያንተ «በቃ» ሲጀመርም አንድ ቦታ ላይ አልተተከሉም። የእሷን ቦታ ለራስህ ልክ አድርገህ ስትሮጥ ነው የተወጋኸው።

አማካይ ነው ያልኩትን ደግሞ ልብ በል። ፒያሳ ላይ ቆመህ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አጎንብስ ብትለው፣ ከብዙ ሴቶች በላይ የሚታጠፍ ወንድ አታጣም፣ ጉልበቷ ላይ የምትቀር ሴትም አታጣም። ሰርከስ የሚሠሩ ልጆችን አይተህ የለ? ወንዶቹም እንደ ሴቶቹ ይጠቀለላሉ። ስለዚህ ወንድ ስለሆንክ አትችልም የሚል የለም።

«ምጥ የቻልኩ» የምትለው ነገር... ይቺን አንቀጽ ዛሬ ማታ ጮክ ብለህ ባታነብላት ይሻላል። በቤተ ሙከራ ሰውን በሙቀት፣ በቅዝቃዜ፣ በመጫን እያሳመሙ ሲለኩ፣ በአማካይ ቶሎ «አመመኝ» የሚሉትና ቶሎ የሚያቆሙት ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ትንሽ ይቆያሉ። መወጠር ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ሴቶቹ ርቀው ይሄዳሉ። እንግዲህ ሕመም መቻልና መወጠር መቻል አንድ ነገር አይደሉም ማለት ነው። ምጥ የቻለች ሴት ክብር ይገባታል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መዳፏ መሬት የነካው ግን በምጡ ምክንያት አይደለም። ነፍሰ ጡር ሳለች እንኳ መዳፏ መሬት ይነካ እንደነበር ጠይቃት ልልህ ነበር፣ ሆዷ ከለከላት እንጂ!

ደግሞ ወንዱ «ትንሽ ይቆያል» የሚለውም ነገር ብዙ አያኩራህ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ አንድ ጥናት ሰዎች እጃቸውን በረዶ ውሃ ውስጥ ነክረው ሕመማቸውን እንዲናገሩ አደረገ። ወንዶቹ የምትጠይቃቸው ሴት ስትሆን፣ ወንድ ከሚጠይቃቸው ጊዜ ያነሰ ሕመም ተናገሩ። ውሃው ያው ውሃ ነው። የተለወጠው ጠያቂው ነው። እና አንተ ራስህን እይ። የምትገፋህ ሚስትህ፣ በሳቅ የምታይህ ሚስትህ፣ ቀድማህ የቻለችው ሚስትህ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባልክ አድገህ፣ እዚያ ምንጣፍ ላይ «ኧረ አመመኝ፣ ተይው» ማለት ከባድ እንደሚሆን ይገባኛል። ግን እሷ ጭንህ ውስጥ ያለውን በምን ታውቃለች? እጇ የሚሰማው ጀርባህን ነው፣ ቋንጃህን አይደለም። ፊትህን እንኳ አታየውም። የምታውቀው አንተ ስትናገር ብቻ ነው፣ አንተ ደግሞ ጥርስህን ነክሰህ ተቀምጠሃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄኛው የራሴ ሐሳብ ነው። እኛ አገር ሴት ልጅ ገና በሕፃንነቷ አጭር መጥረጊያ ይሰጣታል። ግቢ ስትጠርግ ተመልከታት፦ ጉልበቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ከዳሌዋ ለሁለት ትታጠፋለች፣ አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው፣ ሌላው ከዳር ዳር ይጠርጋል፣ ጠርጋ እስክትጨርስ ቀና አትልም። ሳፋ ላይ ልብስ ስታጥብም ያው ነው። ይህን በየቀኑ ለዓመታት ስትሠራ ቋንጃዋ መወጠሩን ይለምደዋል፣ ማንም ስፖርት ብሎ ሳይጠራላት። ማጭድ ይዞ ሲያጭድ የሚውል ገበሬም ከአንተ የተሻለ እንደሚያጎነብስ እገምታለሁ። አንተ ግን ከትምህርት ቤት ዴስክ ወደ ቢሮ ወንበር ነው የተዛወርከው። ስለዚህ በእሷና ባንተ መካከል ያለው ርቀት ሁሉ የጾታ ነው ብለህ አትደምድም። ከፊሉ የመጥረጊያ ነው። አልፎ አልፎ ጠዋት ግቢውን ብትጠርግላት ለቋንጃህም ለትዳርህም ጥሩ ነበር፣ ግን መጀመሪያ ዳን።

ጣትን መሬት ማስነካት ራሱ እንደ መለኪያ ያን ያህል አስተማማኝ አለመሆኑንም እወቅ። እግሩ ረጅም፣ እጁ አጭር የሆነ ሰው ጡንቻው ምንም ያህል ቢላላ ይቸግረዋል። ወገብ በማጉበጥም ብዙ ማምለጥ ይቻላል። ትክክለኛውን ለማየት በጀርባ ተኝቶ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማንሳት ይሻላል። ሐኪሞቹም እንዲህ ነው የሚያዩት።

አሁን ወደ ጉዳትህ። የነገርከኝ ቦታ፣ መቀመጫህ ሥር፣ ልክ የምትቀመጥበት አጥንት ላይ፣ ጡንቻው በጅማት ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ነው። እዚያ የተጎዳ ነገር ሁለት ነገር አይወድም፦ መወጠርና መጫን። አንተ ደግሞ ጠዋት ትወጥረዋለህ፣ ቀን ሙሉ ትቀመጥበታለህ። ስለዚህ የጓደኛህን ምክር ተወው። «ካላመመ ለውጥ የለም» ማፍታታት ላይ አይሠራም። በዚህ ሰሞን ያንን እግር ማፍታታት ሙሉ በሙሉ አቁም። ቀስ ብዬ ልሞክር፣ እስኪ የት ደረሰ ልየው ማለትም የለም። በየቀኑ ቁስሉን እየነካካ ዳነ ወይ እንደሚል ሰው ነው የምትሆነው።

ቢሮ ስትቀመጥ ጋቢ ወይም ወፍራም ጨርቅ አጥፈህ ከሥርህ አድርግ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ተነስ። መራመድ ጥሩ ነው፣ በአጭር በአጭር እርምጃ፣ ሜዳ ላይ። ደሴ ውስጥ ሜዳ ፈልግ ማለቴ ቀልድ ሊመስልህ ይችላል፤ ሆጤ አካባቢ ግን አይጠፋም። ጦሳን ልውጣ የሚል ሐሳብ ካለህ ይቆይህ። ዳገት ስትወጣ ያ ጡንቻ ነው የሚገፋህ። በሶላት ጊዜ ራስህን መፈተሽ ትችላለህ፦ ሩኩዕ ላይ ወገብህን ቀጥ አድርገህ እጅህን ጉልበትህ ላይ ስታደርግ ከወጋህ፣ ገና ነህ ማለት ነው። እስኪሻልህ ጉልበትህን ትንሽ አጠፍ አድርገው። ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ እንደተፈቀደ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ወጌሻውን በተመለከተ እናትህን ማስቀየም አልፈልግም። የወለቀ ጣትና ትከሻ መልሰው ያዳኗቸው ብዙ ሰዎች አሉ፣ በየሰፈሩ የተመሰከረላቸው አሉ። ያንተ ግን የወለቀ አጥንት አይደለም። አዲስ የተጎዳ ጡንቻና ጅማት በኃይል ሲታሽ ይብስበታል፤ ደም ውስጥ ለውስጥ ሊፈስ ይችላል። እናትህ ቅባት ቀብታ ቀስ አድርጋ ብትዳብስህ ግን ምንም አይልህም፣ ደስም ይላታል።

ሲቀመጡ የሚሰማህ ሕመም እየቀነሰ ሲመጣ፣ መጀመሪያ የምትመልሰው ጥንካሬውን ነው፣ ማፍታታቱን አይደለም። በጀርባህ ተኛ፣ ጉልበትህን አጥፈህ እግርህን መሬት ላይ ትከል፣ ከዚያ መቀመጫህን ቀስ ብለህ ከምንጣፉ አንሳ፣ ትንሽ ቆይና ቀስ ብለህ አውርድ። ጥቂት ጊዜ ደጋግመው። ሕመሙን ከአስር ስትሰጠው ከሦስት ካለፈ ቀንስ። ይሄ አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ማንም አያጨበጭብልህም። የሚያድንህ ግን እሱ ነው። ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ ሙሉ እንቅስቃሴ ያለው የጥንካሬ ልምምድ መተጣጠፍንም ይጨምራል፣ ጥናቶች ሲነጻጸሩ ከማፍታታት እምብዛም አያንስም።

ማፍታታቱን ስትጀምር ደግሞ ብቻህን ጀምር። ማንም ጀርባህን አይንካ። የደሴ ጠዋት ብርዱ ይታወቃል፣ ከአልጋ ተነስተህ የቀዘቀዘ ጡንቻ አትሳብ። መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ እዚያው ክፍል ውስጥ እየተራመድክ፣ እጅህን እያወናጨፍክ ሰውነትህን አሙቅ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ በጀርባህ ተኛና ሽርጥህን በውስጥ እግርህ በኩል ጠምጥመው። ሁለቱን ጫፍ በእጅህ ያዝ። ጉልበትህን ትንሽ ለቀቅ አድርገህ እግርህን ወደ ላይ ሳብ። መወጠሩ ሲሰማህ፣ ከመቆጥቆጡ በፊት፣ እዚያ ቁም። ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ያዘው፣ ትንፋሽህን አትያዝ፣ ልቀቀው፣ ድገመው። ለአንድ ጡንቻ በድምሩ 60 ሰከንድ ያህል ይበቃል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከሠራህ ለውጥ ታያለህ፣ በየቀኑ ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ሽርጡ ጥሩ የሚሆነው ገመዱ አንተ እጅ ላይ ስለሆነ ነው፤ ልቀቅ ስትል ይለቃል።

መሻሻልህን ማየት ካማረህ የበሩ መቃን አጠገብ ተኝተህ እግርህን መቃኑ ላይ አስደግፍ፣ ተረከዝህ የደረሰበትን በጠመኔ ምልክት አድርግበት። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተህ እንደገና እይ። ባለቤትህም የራሷን ምልክት ታድርግ ከፈለገች፣ በሌላኛው መቃን ላይ። የአንዱን ከሌላው ማስተያየት ነው ነገሩን ያበላሸው።

አሁን ደግሞ ይቺኛዋን ለእሷ አንብብላት፣ ምክንያቱም ከአንተ ይልቅ እኔን ያሳሰበችኝ እሷ ናት። እህቴ፣ ጉልበት ሳይታጠፍ መዳፍን ሙሉ በሙሉ መሬት ማስነካት ሐኪሞች መገጣጠሚያ ከልክ በላይ የላላ መሆኑን ለማየት ከሚጠቀሙባቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ቤይተን የሚባል ከ9 ነጥብ የሚሰጥ መለኪያ አለ። መዳፍሽ አንድ ነጥብ ያስገኝልሻል። የቀሩት ስምንቱ፦ ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ስትታጠፍ 90 ዲግሪ ማለፏ፣ አውራ ጣት ታጥፋ ክንድን መንካቷ፣ ክርንና ጉልበት ቀጥ ከማለት አልፈው ወደ ኋላ መለመጣቸው፣ ሁሉም በግራም በቀኝም ይቆጠራሉ። አንድ ነጥብ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፣ እንዲያውም ደስ ይላል። አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን፣ በተለይ መገጣጠሚያ የሚያምሽ ወይም በቀላሉ የሚወልቅብሽ ከሆነ፣ አንቺ የሚያስፈልግሽ ማፍታታት ሳይሆን ማጠንከር ነው።

በዚያ ላይ ገና አምስት ወርሽ ነው። በእርግዝና ጊዜ ሪላክሲንን የመሰሉ ሆርሞኖች የዳሌን ማሰሪያ ጅማቶች ያላላሉ፣ ሕፃኑ እንዲያልፍ። ከወሊድ በኋላ ወደ ቦታው የሚመለሰው ቀስ በቀስ ነው፣ በወራት። ስለዚህ አሁን የምትደርሺበት ቦታ ሁሉ ያንቺ ችሎታ ላይሆን ይችላል። እስከ መጨረሻው ጫፍ ድረስ አትሂጂ፣ ከዚያ ትንሽ መለስ በይ። ከፊት ብልትሽ አጥንት ላይ ወይም ከወገብሽ ሥር በስተኋላ የሚወጋ ሕመም ካለ አቁሚና ሐኪም አማክሪ። በቀዶ ሕክምና ከሆነ የወለድሽው ደግሞ ለሆድ እንቅስቃሴዎች ቀድመሽ ጠይቂ። ያንን መቀመጫ የማንሳት ልምምድ ከባልሽ ጋር አብረሽ ሥሪው፣ ላንቺም ጥሩ ነው። ሴቶች እንደ ኳስ ባሉ ስፖርቶች የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማታቸው የሚበጠስበት መጠን ከወንዶቹ ቢያንስ በእጥፍ ይበልጣል። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ የመገጣጠሚያ መላላት ግን አንዱ ነው። መተጣጠፍ ብቻውን ጤና አይደለም ለማለት ነው።

ሳቁን አታቁሚ። ወሎዬ ቤት ያለ ሳቅ ምን ያደርጋል? መግፋቱን ብቻ ተዪው።

አንተ ደግሞ፣ ለምን ነበር መሬት መንካት የፈለግከው? ሰውነት እንዳይከብድህ ከሆነ መራመዱና ማጠንከሩ ይበልጥልሃል። ከስፖርት በኋላ የሚመጣውን ድብን ያለ የጡንቻ ሕመም ለማጥፋት ከሆነም፣ ማፍታታት እሱ ላይ ያለው ጥቅም በጣም ትንሽ ነው። ቀን ሙሉ ወንበር ላይ የተቆለፈ ወገብና ቋንጃ ለማላቀቅ ከሆነ ግን ልክ ነህ። ለዚያ ደግሞ ጣትህ ቅልጥምህ መሃል ላይ ቢቀርም ይበቃሃል። የጫማህን ክር ማሰር ከቻልክ፣ ልጅህን ከመሬት ማንሳት ከቻልክ፣ ሶላትህን ሳይወጋህ ከሰገድክ፣ የቀረው የሳሎን ትርኢት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲቀመጡ ያለው ሕመም ካልቀነሰ፣ ከሆስፒታሎቹ በአንዱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ፈልግ። ሳትቆይ ወዲያው መሄድ ያለብህ ደግሞ የጭንህ ኋላ በሰፊው ከጠቆረ፣ ሲወጋህ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰምተህ ከነበረና አሁን እግርህ ከደከመ፣ ወይም ሕመሙ ከጉልበትህ በታች እየወረደ እግርህን የሚያደነዝዝና የሚነዝርህ ከሆነ ነው፤ ያ የጡንቻ ሳይሆን የነርቭ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ ወይም መቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘህ ያንኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ግባ። እዚያ ስትደርስ ደግሞ «እንዲሁ ነው የተነሳብኝ» እንዳትል። ስትገፋ እንደነበር፣ የት ላይ እንደወጋህ፣ ስንት ቀን እንደሆነው በትክክል ንገራቸው፣ ሐኪሟ ሴት ብትሆንም።